ሳይጠየቅ የተሸጠ ስም

ሰኞ ጠዋት፣ ሱቁ ገና ሳይከፈት፣ ካሸሯ ከመጋዘን የመጣውን ካርቶን በመቁረጫ ሰነጠቀችና አጎንብሳ ወደ ውስጥ አየች።

«ነይማ፤ ስም ቀይረውለታል» አለች።

ሻጯ ከትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ቆማ ጆይስቲኮቹን በጨርቅ ትወለውል ነበር። ሥራዋ እሱ ነው። ጌም ማጫወቻውን ከፍታ ትጠብቃለች፤ አላፊ አግዳሚው ይሞክረዋል፤ ለጠየቀ ታስረዳለች፣ ለገዛ ታሽጋለች። ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ካሸሯ ሣጥኑን አውጥታ ወደ ብርሃኑ አዞረችላት። በሰማያዊ መደብ ላይ፣ ሊሮጡ የተነሡ ይመስል ወደ ፊት ያዘመሙ ነጫጭ ፊደላት ነበሩ።

«ውልብታ» ይላል።

ሻጯ አነበበችው። ከዚያ እንደገና፣ ፊደል በፊደል አነበበችው።

«አያምርም?» አለች ካሸሯ። «ከዚያ ከፕላስ ተገላገልን በይኝ።»

የፕላስ መከራ እንዲህ ነው። ድርጅቱ በመጀመሪያ «ጎበዝ» የሚባል ማጫወቻ ነበረው፤ ቀጥሎ «ጎበዝ ሁለት» መጣ። ሁለቱም ተሸጡ። ሦስተኛውን፣ ውስጡ ከሥር መሠረቱ ሌላ የሆነውን፣ «ጎበዝ ሁለት ፕላስ» አሉት። ሰው ሣጥኑን ያይና «እኛ ጎበዝ ሁለት አለን፤ ፕላሱን ብቻ ስጪን» ይላል። ሻጯ ፕላስ ለብቻው የሚገዛ ዕቃ እንዳልሆነ፣ ሙሉ አዲስ ማሽን እንደሆነ ታስረዳለች። ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ታስረዳለች። አንዲት እናት ሰምታ ሰምታ፣ «እህቴ፣ እኔም የታላቁን ሸሚዝ አጥቤ አዲስ ነው ብዬ ለታናሹ አልብሻለሁ፤ ይቺን ዘዴ ለኔ አታስተምሪኝ» ብላት ሄዳለች። ዕቃው መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ።

አሁን የመጣውም ያው ዕቃ ነው። ሻጯ አንዱን ሣጥን ከፍታ አየችው። ያው ጥቁር አካል፣ ያው መሰኪያ፣ ያው አዝራር። የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። ስሙ ደግሞ የሷ ነው።

በሩ ተከፈተና የመጀመሪያው ገዢ ገባ፤ የሞተር ብስክሌት ቆብ በክንዱ ያንጠለጠለ ጎረምሳ።

«ውልብታ የምትባለው ይቺ ናት?»

«ናት» አለች። ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደወጣ አላወቀችም።

ጎረምሳው ጆይስቲኩን ይዞ ጥቂት ተጫወተ። ባለፈው ወር እዚሁ ቆሞ፣ በዚሁ ማሽን፣ ይህንኑ ጨዋታ ጀምሮ «ይጎተታል» ብሎ ጥሎት የሄደ ሰው ነው።

«ልዩነቱን አየሽው?» አለ። «ያ ፕላስ የምትሉት እግሩ የታሰረ ነበር። ይቺ ስሟ ራሱ ይሮጣል።»

«ውስጡ ያው ነው» አለች ሻጯ።

ጎረምሳው ወደ ካሸሯ ዞሮ ጠቀሰ። «የምትሸጠውን የምታጣጥል ሻጭ ዛሬ አየሁ። አሽጊልኝ እባክሽ፤ ዛሬ ውልብታን ቤቴ ወስጄ አላስተኛትም።»

ካሸሯ ሣቀች። ሻጯ ሣጥኑን አሸገች። በሰው ፊት ልብሷን የገፈፏት ያህል ፊቷ ነደደ።

*

ውልብታ የሚለው ስም በመታወቂያዋ ላይ የለም። አባቷ ያወጣላት ነው። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ልጅ ሳለች በቤታቸው በር ሲያልፍ ጥሩምባውን ይነፋላታል፤ እሷም ከውስጥ ሮጣ ወጥታ አውቶቡሱ ሳይርቅ እጇን ታወዛውዝለታለች። በመስታወቱ የሚያያት ለቅጽበት ነው። ማታ ሲገባ «ዛሬም ውልብ ብለሽ ጠፋሽብኝ» ይላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ውልብታ ሆና ቀረች። ሲሞት ስሙም አብሮት ከቤቱ ወጣ። እናቷ ልትጠራት ትጀምርና ከከንፈሯ ላይ ትመልሰዋለች። ቀስ በቀስ «አንቺ» ብቻ ሆነች።

ከእናቷ ሌላ ይህን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር።

እሱ የድርጅቱ ባለቤት የመጨረሻ ልጅ ነው። በላይኛው ፎቅ የገበያ ጥናት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው እሱን «ትንሹ»፣ የድርጅቱን ባለቤት እናቱን ደግሞ «ትልቋ» ይላቸዋል። ፕላስ አልሸጥ ሲል ትንሹ ወደ ሱቁ እየወረደ፣ ከመደርደሪያው ኋላ ቆሞ ገዢው የሚለውን ያዳምጥ ጀመር። መጀመሪያ የሚመጣው ገዢውን ሊሰማ ነበር። በኋላ ገዢ ሳይኖርም ይመጣል። ሻጯ ስታስረዳ ዐይኗ በገዢው ትከሻ ላይ አልፎ ይሄዳል፤ እዚያ ማዶ ዐይኑን ታገኘዋለች፤ የጀመረችውን ነገር ትረሳዋለች።

«ዛሬ ስለ ፕላስ ለማን ለማን አስረዳሽ?» ይላታል።

«ከራሴ በስተቀር ለሁሉም» ትለዋለች።

በዚህ ጀመሩ። በመጋዘኑ ደረጃ ላይ፣ ከባዶ ካርቶን መሐል ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ነው አባቷ ምን እያለ ይጠራት እንደነበር የነገረችው። እሱ ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰበርበት የፈራ ይመስል፣ «ውልብታ» አለ። አባቷ ካረፈ ወዲህ በሰው ድምፅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር፤ አለቀሰች። «ከኔ አፍ አይወጣም» አላት። አመነችው። ያመነ ሰው ደግሞ በሩን አይቀረቅርም።

አንድ እሑድ ወደ ቤታቸው ወሰዳት። ትልቋ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ከእግር እስከ ራሷ አዩአት።

«ከየትኛው ክፍል ነሽ?» አሏት።

«ከታች፣ ከሱቁ ነኝ እትዬ።»

«የሥራ ጉዳይ የሚያልቀው ቢሮ ነው» ብለው ገቡ፤ በሩም ተዘጋ።

ትንሹ አጠገቧ ቆሞ የገዛ ጫማውን ያይ ነበር። ሲመለሱ መንገድ ላይ «ጊዜ ስጪኝ» አላት። ሰጠችው። የሰጠችው ግን ጊዜ ነው። ስሟን አልሰጠችውም።

ሣጥኖቹ በመጡበት በዚያ ሰኞ፣ ሱቁ ጋብ ሲል ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች። ጸሐፊዋ ትንሹ አዲሱን ዕቃ ይዞ ቅርንጫፎቹን ሊያዳርስ እንደሄደና ቅዳሜ እንደሚመለስ ነገረቻት። ደረጃውን ስትወርድ ስልኳ ጮኸ። እሱ ነበር። እጇ ላይ ይዛው እስኪያቆም ድረስ አየችው። እንደገና ጮኸ። ብታነሣው ከአፉ የሚወጣውን የመጀመሪያ ቃል ታውቀዋለች፤ ያን ቃል ዛሬ በሱ ድምፅ መስማት አልቻለችም።

ቤት ስትገባ እናቷ በስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። እናቷ ለሆቴሎች አንሶላና የትራስ ጨርቅ ትሰፋለች። ቀና አላለችም።

«የጎረቤታችን ልጅ መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል» አለች። «ውልብታ ግዙልኝ ይላል። እኔ ጆሮዬ ነው አልኩ። ወጥቼ ባይ ከአስፋልቱ ማዶ ግድግዳ የሚያህል ፖስተር ሰቅለዋል።»

«እማዬ፣ ስሚኝ።»

«ምን ሰጡሽ?»

«ምንም አልሰጡኝም። አልጠየቁኝምም።»

«ታዲያ ከየት አመጡት? ከሰማይ ወረደላቸው?»

ሻጯ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እናቷ የስፌት መኪናውን አቆመች። ቀና ብላ አየቻት።

«ለወንድ ነገርሽው» አለች።

«ለሚያገባኝ ሰው ነው የነገርኩት።»

«የሚያገባሽ ሰው ስምሽን ከሣጥን ላይ ከሚጽፈው ከሠርግ መጥሪያ ላይ ቢጽፈው ምን ነበረበት?»

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ማለቱ ከጩኸት ይከፋ ነበር።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እሰማለሁ። አባትሽ ያወጣው ከመደርደሪያ ላይ ዋለ። ሰው ያነሣዋል፣ አገላብጦ ያየዋል፣ ውድ ነው ብሎ ይመልሰዋል።»

የስፌት መኪናው እንደገና ተነሣ። ሻጯ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የእናቷ ቁጣ አልነበረም የከበዳት። እናቷ ካለችው ውስጥ «ይሄ እንኳ ሐሰት ነው» የምትልበት አንዲት ቃል ማጣቷ አንጀቷን አሳረራት።

*

ሳምንቱን ሱቁ ሰው ጠገበ። ፕላስን በክርን ገፍተው ያልፉ የነበሩ ሰዎች ለውልብታ ተሰለፉ። ቤት ውስጥ ጎበዝ ሁለት ያላቸው፣ ፕላስን «ያው የኛው ነው» ብለው የተዉት፣ አሁን «ይቺ ሌላ ዘር ናት» ይላሉ። አንዱ «ውልብታ ቶሎ ትሞቃለች ወይ?» ይላል። ሌላው «ውልብታ ብትበላሽብኝ ትቀይሩልኛላችሁ?» ይላል። አንዲት ሴት ባሏን «አንተ ደግሞ እሷን ገዝተህ እኔን ልትረሳኝ ነው» ብላ ጎሸመችው። ሰው ሁሉ ሣቀ። ሻጯ ለእያንዳንዱ መልስ ሰጠች። አዎ፣ ትሞቃለች። አዎ፣ ትቀየራለች።

«አንቺ ምን ሆነሻል?» አለች ካሸሯ። «ኮሚሽን እንዲህ እየገባልሽ ፊትሽን ክረምት አስመሰልሽው።»

«ስሙ አይጥመኝም።»

«ኤዲያ፤ ከስሙ ምን አለሽ? ያንቺ አይደል።»

ሻጯ ወደሚቀጥለው ገዢ ዞረች።

ረቡዕ ዕለት ከላይኛው ፎቅ የቅናሽ ኩፖን የያዙ ፖስታዎች ወረዱ። ሰማያዊ ናቸው፤ በፊታቸው ላይ በዚያው በሚሮጥ ፊደል «ውልብታ» ታትሞባቸዋል። ለገዛ ሁሉ አንድ አንድ ይታደላል። በማግስቱ ጸሐፊዋ ወርዳ እንደነዚያው ያለች አንዲት ሰማያዊ ፖስታ ሻጯ ፊት አስቀመጠች፤ «ከቅርንጫፍ የመጣ ነው፤ እዚህ ስጪ ብለውኛል» ብላ ሄደች።

ፖስታዋን የላካት ትንሹ ነበር። ስልክ አላነሣ ስትለው ደብዳቤ ጻፈ። ሻንጣው ውስጥ ያለው ፖስታ ሁሉ ሰማያዊ ነው፤ በውጪው ሊጽፈው የፈለገው ስምም ቀድሞ ታትሞ ስላገኘው፣ አንዲት ፊደል አልጨመረበትም። አሸገና ላከው።

ሻጯ ይህን በምን ትወቀው? ፖስታዋን አንሥታ ከቁልሉ ላይ ደረበቻት። ከሰዓት በኋላ ለልጅ ልጃቸው ስጦታ ለገዙ ባርኔጣ ላደረጉ ጡረተኛ ሰጠቻቸው።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ቅናሽ ነው አባባ። ቤት ሲገቡ ይከፍቱታል።»

ጡረተኛው ፖስታዋን ከደረት ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሻጯ ስልክ አልጮኸም። እሱ ደብዳቤውን ልኮ ይጠብቃል፤ እሷ የላከውን አታውቅም። ሲደውል አላነሣ ያለችው ራሷ ሆና ሳለ፣ ባለመደወሉ ተናደደች። ከሱ ይልቅ ግን በራሷ ተናደደች፤ ናፍቋት ነበርና።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትልቋ ስለ ገበያው መልካምነት ግብዣ አደረጉ። በሱቁ መካከል ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ ኬክና ለስላሳ ተደረደረ። የቅርንጫፍ ኃላፊዎችና አከፋፋዮች መጡ። ገዢም ሲመጣ ይስተናገድ ስለተባለ በሩ ክፍት ነበር። ሻጮቹ ሁሉ አዲስ ሰማያዊ ሸሚዝ ለበሱ፤ ደረቱ ላይ ያው ስም አለ። ሻጯ ገልብጣ ለብሳው ነበር። የሱቁ ተቆጣጣሪ አይቶ አስተካክላ እንድትለብሰው አዘዛት።

ትንሹ ከእናቱ ኋላ ገባ። ከስቷል። ዐይኗን ይፈልጋል ብላ ጠበቀች። አያት፤ ወዲያውም ፊቱን መለሰ፤ የተቀየመ ሰው አመላለስ። ሻጯ ግራ ገባት። የተበደለችው እሷ፣ የሚያኮርፈው እሱ። በዚህ ላይ ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ድፍረት ነው ብላ ጥርሷን ነከሰች።

አንድ ወፍራም አከፋፋይ ብርጭቆውን አነሣ።

«መጋዘኔ ውስጥ ስንት ጊዜ ተኝቶ የከረመ ዕቃ ነው» አለ። «አሁን ሰው እየተሻማ ይወስደዋል። እኔ ዕድሜዬን ስነግድ ኖሬ ስም ብቻውን እንዲህ ሲሠራ አላየሁም። ለመሆኑ ማነው ያወጣው? ከየትስ አመጣው?»

ትልቋ በኩራት ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በል ንገራቸው» አሉ።

ሻጯ የኬክ ሰሐን ይዛ ነበር። ንዴቷ እንዳለ ሆኖ፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ አለ፤ ተስፋ። «የሷ ነው» ይበል። ሁለት ቃል ነው። እሱን ቢል የሳምንቱን ንዴት እዚሁ ወለል ላይ ልትጥለው ተዘጋጀች።

ትንሹ ወደሷ አየ። ከዚያ ወደ እናቱ አየ።

«የጥናት ውጤት ነው» አለ። «ብዙ ስም አቅርበን ሰው ላይ ሞከርን፤ ይህ ተሻለ። ከየትም አልመጣም።»

አጨበጨቡ። ካሸሯም አጨበጨበች። ሻጯ ሰሐኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከየትም። አባቷ ከየትም ሆነ። የአውቶቡሱ ጥሩምባ፣ ሮጣ የወጣችበት በር፣ ሁሉም ከየትም ሆነ።

ያኔ ነው አንድ ሰው ክርኗን ነካ ያደረጋት። ጡረተኛው ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ልጄ፣ አንቺን ነው የምፈልገው» አሉ። «ይቺ ቅናሽ አይደለችም።» ሰማያዊዋን ፖስታ ከደረት ኪሳቸው አወጡ። «የልጅ ልጄ ስጦታዋን የከፈተችው ዛሬ ነው። ኩፖኑን ላንብብልህ አለችኝ። ጥቂት አነበበችና ቀና ብላ፣ አያቴ፣ ይህ ማሽን ካንተ ፍቅር ይዞታል እንዴ አለችኝ።»

ካሸሯ አፏን በእጇ ያዘች።

«ከዚያ ወዲያ አላነበብንም» አሉ ጡረተኛው። ባርኔጣቸውን አገላበጡና፣ «አንብበናል፤ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽም። የሱቋ ልጅ አንቺ መሆንሽ ገባኝ። ልጁ ጠዋት ሲጠብቅሽ ነበር መሰለኝ። አዘንኩለት» አሉ።

ደብዳቤው አጭር ነበር። «ውልብታዬ፣ ስልኬን አታነሺም፤ ፍርድሽ ትክክል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሱቁ ማዶ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ጋ እጠብቅሻለሁ። ከመጣሽ፣ ከሰዓት በኋላ በእናቴ ፊት ስሙ የማን እንደሆነ እናገራለሁ። ካልመጣሽ ግን ትተሽኛል እላለሁ፤ አፌንም እዘጋለሁ።»

ቀና ስትል ትንሹ በመጋዘኑ በር ሲወጣ አየችው። ተከተለችው።

ደረጃው ላይ፣ ከባዶ ካርቶኖቹ መሐል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር።

«ይህ አሁን ደረሰኝ» አለችው።

ዞረ። ደብዳቤውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «አሁን? እኔ እኮ የላክሁት ሐሙስ ነው። ጠዋቱን ሁሉ ፌርማታው ላይ ስቆም፣ አንብባ ተወችኝ ብዬ…»

«ለደንበኛ ሰጥቼው ነበር።»

«ደብዳቤዬን?»

«ኩፖን መስሎኝ። በፖስታው ላይ የተጻፈውን አይተውታል? በሁሉም ላይ ያው ነው። የቱ እኔን እንደሚጠራ፣ የቱ ዕቃውን እንደሚጠራ በምን ልወቅ?»

«እርስዎ አትበይኝ።»

«ሥራ ላይ ነኝ። ሸሚዜን ያነቡታል።»

ትንሹ ትንፋሹን ለቀቀ። ከከንፈሩ ዳር እንደ ፈገግታ ያለ ነገር ታየ። «እንግዲያማ ስሕተት ነው» አለ። «ሁለታችንም ተሳስተን ነው የተቀያየምነው። ብትመጪ ኖሮ እናገር ነበር፤ ምያለሁ።»

ይህ ነው የባሰባት። እስከዚህ ድረስ ድምፅዋን ይዛው ነበር።

«ባልመጣስ?» አለች። «ባልመጣስ የማን ነበር?»

ትንሹ ዐይኑን ወደ ካርቶኖቹ ጣለ።

«ትቼህ ቢሆንስ? ሌላ አግብቼ ቢሆንስ? ያኔም አባቴ ያወጣልኝ ስም ነው። አንተ እውነት ለመናገር የኔ ፌርማታ ላይ መቆም ምን ያደርግልሃል? እውነትም እንደ ኩፖኑ ለገዛ ብቻ ነው እንዴ የሚታደለው?»

«አምልጦኝ ነው» አለ። «ስብሰባው ላይ ሁሉም ያመጣውን ስም እናቴ ጣለችው። ካላመጣህ ቦታህን ልቀቅ አለችኝ። እኔ አንቺን እያሰብኩ ነበር፤ አፌ ላይ የነበረው ወጣ። ልመልሰው ስል ጽፋዋለች።»

«ቃል ያመልጣል። ሰው ነህ። ማተሚያ ቤት ሲገባስ አመለጠህ? ፖስተሩ ሲሰቀልስ? ይሄ ሸሚዝ ሲሰፋስ? ቅድም ሰውዬው ከየት አመጣችሁት ሲልህ፣ ከየትም ያልከው እሱም አምልጦህ ነው?»

ትንሹ እጁን ወደሷ ዘረጋ። እጁን አየችው እንጂ አልያዘችውም።

«እናትህ እኔን በረንዳ ላይ አቁመው መለሱኝ» አለች። «አሁን ስሜ በቢሯቸው፣ በመኪናቸው፣ በደጃቸው ተለጥፏል። ስሜን ወደዳችሁት። ስሜ ሲገባ በሩ ተከፈተለት። ባለቤቷ ግን ከውጪ ናት።»

«አስለውጠዋለሁ። ሰኞ ገብቼ ሌላ ስም…»

«ተወው። ሰው ለምዶታል። ነገ ደግሞ ሌላ ስም ብትለጥፉበት የተበላሸ ዕቃ ነው ብሎ ይሸሻል፤ ከዚያ እኔና ካሸሯ ነን ደጅ የምንወጣው። የተሸጠ ተሽጧል። ከዛሬ ወዲያ ግን አንተ በሱ አትጠራኝም። ድሮ ስትለው አባቴን እሰማ ነበር። አሁን የምሰማው ሱቁን ነው።»

የትንሹ ዐይን እንባ ሞላ። ከበሩ ማዶ ሰዎች ይሣቁ ነበር፤ ብርጭቆ ይጋጭ ነበር። ሻጯ ልትሄድ ዞረች። እጇ የበሩ እጀታ ላይ ሳለ ድምፁን ሰማችው።

«ታዲያ በምን ልጥራሽ?»

እጇ ባለበት ቀረ። ከተዋወቁ ጀምሮ ስለ ስሟ የጠየቃት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር። ልትመልስለት ፈለገች። ይህን መፈለጓም አናደዳት።

«ይህን ከካርቶን መሐል አትጠይቀኝ» አለች ሳትዞር። «እዚያ ውስጥ፣ እናትህ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠይቀኝ። ያኔ እመልስልሃለሁ።»

ወደ ሱቁ ተመልሳ ገባች። ቦታዋ ሄዳ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። ካሸሯ ተጠግታ በሹክሹክታ፣ «ኸረ በሞቴ፣ ምንድን ነው ነገሩ?» አለቻት። ሳትዘጋው የተወችው የመጋዘኑ በር ከኋላዋ ነው። ባይመጣ ሸሚዙን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ይህን ቆርጣለች። ቢመጣ የምታደርገውን ግን አላሰበችበትም።

የመጋዘኑ በር ተንቋቋ። ትልቋ ከእንግዶቹ ትከሻ በላይ ቀና ብለው አዩ። የእርምጃ ድምፅ መጣ፤ ዘገየ፤ እንደገና መጣ። ከሻጯ ኋላ ቆመ።

«ቅድም ዋሽቻለሁ» አለ ትንሹ።

ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ቢሆንም ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። አከፋፋዩ ኬኩን እንደጎረሰ ቀረ።

«ስሙ ከጥናት አይደለም። የዚች ልጅ ነው። አባቷ ያወጣላት ነው። እኔ የማገባት ሴት ናት፣ እሷ እሺ ካለች። አምና ለብቻዬ ነገረችኝ፤ እኔ ሳልጠይቃት ወሰድኩት። እማዬ፣ አንቺ በረንዳ ላይ የመለስሻት ልጅ ናት።»

ትልቋ ብርጭቆአቸውን ሊያስቀምጡ ጠረጴዛውን በእጃቸው ፈለጉት፤ አላገኙትም።

«አሁን እጠይቃታለሁ» አለ። «ከእንግዲህ በምን ልጥራሽ?»

የቤቱ ሰው ዐይን በሙሉ በሻጯ ጀርባ ላይ ዐረፈ። ንዴቷ አልለቀቃትም፤ እዚያው ነበር፣ ቀጥ አድርጎ ይዟታል። ይቅር አላለችውም። ዞራ ግን አየችው። «ለጊዜው በመታወቂያዬ ላይ ባለው ስም ጥራኝ» አለችው።